ተዋበች፦ የአያቶቻችን ስም

(አጭር የማሲንቆ ዜማ፤ ዜማው ዝቅ ሲል ተናጋሪው ይገባል)

የዛሬው የቋንቋና የባህል ዝግጅታችን አንድ ስም ይዞ ቀርቧል። ተዋበች።

«የአያቴ ስም ነው» ያላችሁ ብዙ እንደምትሆኑ እገምታለሁ። «የልጄ ስም ነው» የምትሉ ግን እምብዛም አይመስለኝም። ስሙ ከየት መጣ፣ ምን ይዞ ነበር፣ ለምንስ ከልጆቻችን ራቀ? አብረን እንየው።

ከአሠራሩ ልጀምር። ተዋበች ግስ ነው፤ ያውም ያለቀለት ግስ። መስከረም ሲጠባ መስኩ በአደይ አበባ ተዋበ እንላለን። ሠርግ ቤቱ ተዋበ፣ ሙሽራዋ ተውባ ወጣች እንላለን። በነዚህ ሁሉ ውስጥ ውበቱ አሁን የመጣ፣ አሁን የታየ ነው። «ውብ ናት» ያለ ሰው ያለውን መልክ ይገልጻል። «ተዋበች» ያለ ሰው ግን ወሬ ይዞ መጥቷል።

እስቲ አራስ ቤት ግቡልኝ። ሕፃኗ ፊቷ ቀልቶ፣ ዓይኗ ገና በቅጡ ሳይገለጥ፣ በነጠላ ተጠቅልላ ተኝታለች። አራስ ጠያቂው ሁሉ ቁርጥ ያለ እውነት ተናገር ቢባል ቆንጆ ናት ለማለት ሳይቸገር አይቀርም፤ ስለዚህ «ቁርጥ አባቷን!» ብሎ ያልፋል። የገንፎው ቅቤ እየቀለጠ ነው፣ ሴቶቹ እየተጫወቱ ነው። አያትየዋ ከምድጃው ዳር ቀና ብላ «ተዋበች በሏት» ትላለች። በቃ፣ ወጣ። ገና ያልሆነው ነገር እንደሆነ ተቆጠረ።

ምርቃታችን አብዛኛውን ጊዜ ልመና ነው። ያሳድግሽ፣ ይባርክሽ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ እንላለን። እንዲህ ያለው ስም ግን ልመናውን ዘሎ ተፈጽሟል ይላል። ተዋበች ብሎ የጠራት ሰው ሁሉ፣ ከብት ስትነዳም ውኃ ስትቀዳም፣ ያንኑ የተፈጸመ ነገር እየደጋገመ ሲመሰክርላት ይኖራል። የስሙ ማራኪነት ግማሹ እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ።

ተዋበች ብቻዋን የመጣች አይደለችም። አበበች፣ ከበደች፣ በለጠች፣ አየለች፣ ታደለች፣ ደመቀች፣ ፈለቀች፣ ዘነበች... ሁሉም በ«ች» ያበቃሉ፣ ሁሉም የሆነ ነገር ያወራሉ። አርበኛዋ ከበደች ሥዩም፣ ወላጅ አልባ ሕፃናትን ሰብስበው ያሳደጉት አበበች ጎበና፣ ክራር ደርዳሪዋና ተዋናይዋ አስናቀች ወርቁ ከዚሁ ወገን ስም የወጣላቸው ናቸው። አስናቀች እንዲያውም ድፍረቱ ያይላል፤ እርሷ መጥታ ሌሎቹን ሁሉ አስናቀች ማለት ነውና፣ ልጅ ላላት ጎረቤት እንዴት ይዋጥላት እንደነበር እግዜር ይወቀው።

ከነዚህ ስሞች «ች»ን ስታነሡ የወንድ ስም ይቀራችኋል። አበበ፣ ከበደ፣ አየለ፣ ደመቀ። ተዋበም እንዲሁ ነው። በጎንደርና በጎጃም ተዋበ የሚባል አራሽ፣ ተዋበ የሚባል መምሪጌታ፣ ተዋበ የሚባል ሾፌር ብትፈልጉ አታጡም። ውበት የሴት ብቻ ነው የሚለውን አነጋገር ወላጆቻችን በስም አወጣጣቸው አልተቀበሉትም ነበር።

ታዲያ የተዋበው ማነው? ዘነበች የምትባለውን ሴት አስቡ። የዘነበው ሰማዩ እንጂ እርሷ አይደለችም። ሰማዩ ጠቁሮ፣ ዝናቡ ወርዶ፣ በዚያው ቀን ተወልዳ ሊሆን ይችላል፤ ስሙ የቀኑን ሁኔታ ይዞላት ቀርቷል። ምትኬና ማስረሻም የወላጅ ሐዘን የሚናገሩ ስሞች ናቸው፤ ከእነርሱ በፊት የሞተ ልጅ አለ። ተዋበችም እንደዚሁ የሕፃኗን መልክ ብቻ የምታወራ አይመስለኝም። ቤቱ ተዋበ፣ ትዳሩ ተዋበ፣ የእናቲቱ ኑሮ ተዋበ ሊሆን ይችላል። ብዙ ዓመት መካን ተብላ የኖረች ሴት ሴት ልጅ ስትወልድ ምን እንደሚሰማት ለእናንተ አልነግራችሁም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መነሣት አለበት። ወንድ ሲወለድ እልልታው ይበዛል፣ ሴት ስትወለድ ያንሳል። ቁጥሩ ከአገር አገር ቢለያይም ማነሱ ግን በብዙ ቦታ ያው ነው። ጥቂት እልል ተብሎ ዝም ይባላል። ያው ቤት፣ ያው ሰው፣ ለዚያችው በጥቂት እልልታ ለተቀበላት ልጅ ተዋበች፣ በለጠች፣ አስናቀች የሚል የኩራት ስም ሲያወጣ ነገሩ ቆም ብሎ ያሳስባል። ስም የሚያወጣው አባት ብቻ አልነበረም፤ አያቶች፣ አክስቶች፣ አዋላጇ ሳትቀር ቃል ነበራቸው። በእልልታው የጎደለውን ሴቶቹ በስሙ ሞልተውት እንደሆነስ? እኔ እንደዚያ አድርጌ ማየት ደስ ይለኛል።

(የማሲንቆ ዜማ፤ አጭር)

ውበትን ለሴት ስም ማድረግ በዚህ አገር የቆየ ነው። ጎንደር ላይ በ1723 ዓ.ም. ከልጇ ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር ዘውድ የጫነችው የቋራዋ ወይዘሮ የክርስትና ስሟ ወለተ ጊዮርጊስ፣ የመንግሥት ስሟ ብርሃን ሞገሳ ነበር። ሕዝቡ ግን የሚያውቃት ምንትዋብ ብሎ ነው። ምን ያህል ታምር እንደ ማለት ነው፤ ይኸኛው ስም አድናቆቱን በጥያቄ መልክ አወጣው። የእቴጌ ጣይቱ እናት ስም ደግሞ የውብዳር ነው፤ ከዚህ ወዲያ ውበት የለም፣ ዳሩ እዚህ ነው የሚል ስም። ውብነሽ፣ ውባለም፣ ውቢት ሁሉ የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው። ከግንዱ ውጭም የዐፄ ቴዎድሮስን እናት ስም እዩ፤ አትጠገብ። ታይታ የማትጠገብ።

የአነጋገራቸውን ልዩነት ልብ በሉ። ወርቅነሽ፣ አለምነሽ፣ ሙሉነሽ የሚባሉት ስሞች ልጅቷን ፊት ለፊት «አንቺ» ብለው ያነጋግሯታል። ምንትዋብ ይጠይቃል። ተዋበች ግን ፊቱን ወደ ጎረቤት አዙሮ ስለ እርሷ ያወራል። ለዚህ ነው ስሙ የአደባባይ ስም የሚመስለኝ።

ሌላ፣ ከአደባባይ የተደበቀ ስም ደግሞ አለ። አዲስ ዘመን አጠገብ ያለውን ጣራ ገዳምን የምታውቁ አድማጮች፣ በጽድና በወይራው ጥላ ሥር አልፋችሁ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ስትወጡ በማለዳ የክርስትና እናት ሕፃን ታቅፋ ቆማ አይታችሁ ይሆናል። ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ትጠመቃለች። ሕፃኗ በነጭ ልብስ ተጠቅልላለች። ቄሱ ያጠምቃታል፣ ቅብዓ ሜሮን ይቀባታል፣ ማተብ በአንገቷ ታስሮላት ስም ይሰጣታል። ዕለቱ ማርያም ከሆነ ወለተ ማርያም፣ ሚካኤል ከሆነ ወለተ ሚካኤል ልትባል ትችላለች። የክርስትና እናቷ ስሙን እንዳትረሳው በልቧ ትይዘዋለች፤ ኋላ ለቁርባን፣ ለጸሎት፣ በመጨረሻም ለፍትሐት የሚጠራው እርሱ ነውና። ጎረቤት ግን አያውቀውም። መተተኛ እንዳያገኘው ተብሎም ይደበቅ ነበር።

በደራ ወረዳ ጣና ዳር ቆራጣ ላይ በስሟ የሚጠራ ገዳም ያላት ጻድቋ ወለተ ጴጥሮስ በዚህ የክርስትና ስሟ ብቻ ነው የምናውቃት። በ17ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክን እምነት አልቀበልም ብላ የተሰደደች፣ ገድሏም በግዕዝ የተጻፈላት ሴት ናት። እናቷ በልጅነቷ ምን ብላ ታቆላምጣት እንደነበር ማን ነገረን? የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ የክርስትናውን ስም ያኖራል። የቤቱን ስም የሚያኖረው ሰው ነው።

ተዋበች ከሁለቱ የቤት ስም ናት። በውስጧ ጻድቅም፣ ሰማዕትም፣ ታቦትም የለም። ከዚህም የተነሣ ይመስለኛል አሊ ከሚባል አባት ጋር እንኳ የተስማማችው። ስሙን ወደ ተሸከመችው ታዋቂ ሴት፣ ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ ሚስት ወደ እቴጌ ተዋበች አሊ ልምጣ።

ደብረ ታቦርን የቆረቆሩት የየጁው ራስ ጉግሣ ናቸው። ከእርሳቸው ወገን የሆኑት ዳግማዊ ራስ አሊ ጎንደር ላይ ንጉሥ በስም እየተቀመጠ፣ አገሩን ከደብረ ታቦር ሆነው ይገዙ ነበር። እናታቸው እቴጌ መነን ናቸው። ተዋበች የራስ አሊ ልጅ፣ የመነን የልጅ ልጅ ናት። በ1830ዎቹ መጨረሻ ላይ ቋራ በረሃ የሸፈተ ካሳ ኃይሉ የሚባል ጎበዝ አላስቀምጥ ሲላቸው፣ በጦር ያልተያዘውን በጋብቻ እንያዘው ብለው ተዋበችን ዳሩለት።

አሳባቸው ግልጽ ነበር፤ አማች ይሆናል፣ አማች ደግሞ አማቱን አይወጋም። ተዋበች የቤተ መንግሥቱ ዓይንና ጆሮ ትሆናለች ብለውም ጠብቀው ይሆናል። አልሆነም። ካሳን የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ የናቁት ዘመዶቿ ሲሆኑ፣ እርሷ ከባሏ ጎን ቆመች። ካሳ በ1839 ዓ.ም. አያቷን መነንን ማረከ። በሰኔ 1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ አባቷን ራስ አሊን ድል ነሣ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብሎ ሲቀባ፣ እቴጌይቱ የተሸነፈው ሰው ልጅ ነበረች። ያንን ሁሉ እንዴት ቻለችው? አባት በአንድ በኩል፣ ባል በሌላ በኩል ተሰልፈው በመካከል ድንኳን ውስጥ የምትጠብቅ ሴት ምን ብላ ትጸልያለች? የየትኛውን ድል?

በነሐሴ 1850 ዓ.ም. አረፈች። በዘመኑ ንጉሡን በቅርብ ያዩ ሰዎች ሞቷ ጠባዩን እንደለወጠው ጽፈዋል፤ እርሷ ሳለች ቁጣውን የሚያበርድለት ሰው ነበር፣ ከእርሷ በኋላ ግን ጠፋ ይላሉ። ቀጥሎ ያገባት የሰሜኑ የደጃች ውቤ ልጅ ጥሩወርቅ ነበረች። ልዑል ዓለማየሁን ወለደችለት እንጂ የተዋበችን ቦታ አልያዘችም። የተዋበች አባት መቀመጫ የነበረችውን ደብረ ታቦርንም ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መባቻ ወደ መቅደላ ሲጓዝ በእሳት አጋያት።

የንጉሡን ጭካኔ በሚስቱ መሞት ብቻ ማስረዳት ለእኔ አይዋጥልኝም። ግብሩ፣ ዓመፁ፣ ከካህናቱ ጋር የገባበት የመሬት ጠብ ሁሉ አለ። ሰው ግን ታሪኩን በዚያ መንገድ መስማት ወደደ። በኋላም ቴዎድሮስን በቴአትርና በልቦለድ ያነሡት እነ ገርማቸው ተክለ ሐዋርያት፣ እነ አቤ ጉበኛ፣ እነ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሲነበቡና ሲታዩ ስሟ ፊደል በቆጠረው ዘንድ ሌላ ክብር አገኘ። የገጠሯ ተዋበች ስሟን ከቴአትር ቤት አላመጣችውም። ሆኖም ደብረ ታቦር ላይ ልጁን ተዋበች ያለ አባት፣ የምድጃው ዳር ስምና የቤተ መንግሥቱ ስም አንድ መሆናቸውን ያውቅ ነበር።

(ዜማ፤ አጭር)

ስሙ ለምን ራቀን ወደሚለው እንምጣ። ፋሽን ነው ብሎ መዝጋት ይቻላል፤ ከተሜው ቤተልሔም፣ ሃና፣ ሜሮን፣ ማኅሌት፣ ሄለን ሲል ገጠሩም ተከተለ። በ«ች» የሚያልቅ ስም የአሮጊት፣ የባላገር ስም ተባለ። በድራማውም ከአገር ቤት ለመጣችው የቤት ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የሚሰጣት ስም ከዚህ ወገን ነው፣ ተመልካቹም ስሙን ሲሰማ ገና ይስቃል። ይህ ሁሉ እውነት ነው።

እኔ ግን ከፋሽኑ በላይ የሚታየኝ ሌላ ነው። መታወቂያችሁን አውጡና እዩት። የራሳችሁ ስም፣ የአባታችሁ ስም፣ የአያታችሁ ስም አለ። አያት ስንል የአባት አባት ነው። ከበደ የሚባል ሰው ሞቶ እንኳ ስሙ በልጆቹም በልጅ ልጆቹም መታወቂያ ላይ ተጽፎ፣ በየትምህርት ቤቱ በየጠዋቱ ሲጠራ ይኖራል። ሚስቱ ከበደች ግን? ልጆቿ በእርሷ ስም አይጠሩም። የልደት የምስክር ወረቀት ላይ የእናት ስም ይጻፋል፤ ይኸውም አንድ ትውልድ ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚቀበለው የለም። የሴት ስም ካልተጠራ የሚኖርበት ሌላ ቦታ የለውም።

በሌላ በኩል ያው ሥርዓት ለሴት የሚያተርፈውም አለ። የእኛ አገር ሴት ስታገባ የአባቷን ስም በባሏ ስም አትለውጥም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ያገባች ሴት የራሷን የቤተሰብ ስም እንደያዘች እንድትቀጥል ደንግጓል። ለዚህ ነው እቴጌይቱ የቴዎድሮስ ሚስት ሆና፣ አባቷ በባሏ ተሸንፎ ሸሽቶ ሳለ እንኳ፣ ዛሬም ተዋበች አሊ የምንላት። በብዙ አገር እንዲህ ያለች ሴት በባሏ ስም ተውጣ ትቀር ነበር።

እንግዲህ የአያት ስም እንዲቀጥል የሚፈልግ ሰው መንገዱ አንድ ብቻ ነው፤ ሴት ልጅ ሲወልድ ስሙን አውቆ ማውጣት። የወንዱ ስም ሳያስቡትም ይወረሳል። የሴቷ አስቦ የሚያነሣው ይፈልጋል። ሴት አያታቸውን የሚያስታውሱ ወጣት ወላጆች እንዲህ ያለ ስም መልሰው ሲያነሡ ስሰማ፣ የባህል አልባሳት ለብሶ ፎቶ ከመነሣት የበለጠ ነገር እንዳደረጉ እቆጥራለሁ።

በውጭ አገር ለሚወልዱ ወገኖቻችን ደግሞ አንድ ቀላል ምክር አለኝ። ወርቅነሽ፣ ጥሩወርቅ፣ ጣይቱ ሲባል የፈረንጅ ምላስ ይሰናከላል፤ ቀ እና ጠ አስቸጋሪዎቹ ናቸው። ተዋበች ውስጥ ግን ከነዚህ ጠንካራ ድምፆች አንድም የለም። ተ፣ ዋ፣ በ፣ ች። የመዋዕለ ሕፃናቷ አስተማሪ በመጀመሪያው ቀን ትይዘዋለች።

ከመሰነባበታችን በፊት አንድ ልማድ ልጨምር፣ ምክንያቱም አያቶቻችሁን ስትጠይቁ ግራ ሊያጋባችሁ ይችላል። በብዙ የአማራ አካባቢ ሙሽራ ወደ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላት ነበር። ተዋበች ተብላ ያደገች ልጅ በአማቷ ቤት ሌላ የቁልምጫ ስም ተሰጥቷት፣ ያ ስም ጸንቶባት የቀረ አለች። ስለዚህ አንዲት የ80 ዓመት እናት ሦስት ስም ሊኖራት ይችላል፤ የክርስትናው፣ እናቷ ያወጣችላት፣ አማቷ የሰጠቻት። ልጆቿ የሚያውቁት የመጨረሻውን ብቻ ይሆናል። ስማቸው ማን እንደሆነ ብትጠይቋቸው «የቱን?» ቢሏችሁ አትሳቁ። ሁሉንም ጻፉት፤ ማን እንዳወጣውና በምን ምክንያት እንደወጣ ጭምር።

ልጃችሁን ተዋበች ካላችኋት ደግሞ አደራ፣ ገና ሳትድህ ወደ «ተዊ» አታሳጥሯት። ማቆላመጥ ካስፈለገ ተዋቡ የሚል ያገሩ አጠራር አለላችሁ። ስታረጅ «እመት ተዋበች» ትባላለች፤ «እመት ተዊ» ብሎ ነገር ግን ጆሮ አይቀበለውም።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ምትኬና ማስረሻን፣ የሐዘን ቤት ስሞችን ይዘን እንመጣለን።

(ዜማ)